ለእኔ ብቻ የመጣችው ጣሳ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ዛሬ የገዛ ቀልዴ ሊገድለኝ ነበር።

እንድሪስ አውድማ ላይ ነን። ገብሱ ተነጥፏል፣ በሬዎቹ ይዞራሉ፣ እኔ እንደ ልማዴ የዘፈኑ አውራጅ ነኝ። በዚህ አገር ደቦ ተጠርቶ ይመር ካላወረደ በሬው አይዞርም፣ ሰውም አይቀበልም። ይህንን እኔ አልልም፣ ሰው ነው የሚለው። (እኔም እላለሁ።) ዘፈኑ ጋብ ሲል ቀልድ ጀመርኩ። አንድ ንፉግ ገበሬ በውቂያ ቀን የበሬውን አፍ በገመድ አሰረ። በሬው «ጌታዬ፣ አፌን ለምን ታስረዋለህ?» አለው። አንዱ ከወዲያ «አፉ ታስሮ እንዴት ተናገረ?» ብሎ ጮኸ። «ገመዱም እንደ ባለቤቱ ቸርነት ያጠረ ነበር» አልኩት። ሰው ሳቀ። ቀጠልኩ። ገበሬው «ስትሠራ እንዳትበላ ነው» አለው። በሬውም «አንተስ?» ብሎ ጠየቀው።

ሁሉም መንሹን ተደግፎ የገበሬውን መልስ ይጠብቃል። አፌን ስከፍት መልሱ አልወጣም፣ ሳል ወጣ። ጉልበቴን ይዤ ጎንበስ ብዬ ሳልኩ፣ ሳልኩ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቀና ስል ቀልዱ በርዷል። የእንድሪስ ልጅ ሰይድ ዘፈኑን ከአፌ ተቀብሎ ማውረድ ጀምሯል። ድምፁ ክፉ አይደለም። አማቼ ሊሆን ስለሆነ ክፉ አይደለም እላለሁ። ባይሆን ኖሮ ሌላ ቃል ነበረኝ።

ልጄ ሀያት ለሰይድ ታጭታለች። እሁድ እንድሪስ ሽማግሌ ይዞ ቤቴ ይመጣል፣ የሰርጉ ቀን ይቆረጣል። እኔና እንድሪስ ጢም ሳናበቅል ጀምሮ በአንድ ሽክና የጠጣን ሰዎች ነን። ልጆቻችን ቢጋቡ ሽክናውን ወደ ቤት አስገባነው ማለት ነው።

አንድ ሌላ ነገር። የሚጠጣው ቀሪቦ ሲመጣ ሽክናው እንደ ወትሮው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እኔ ዘንድ ሊደርስ ሲል እንድሪስ ቀድሞ ተቀበለውና ለእኔ ለብቻዬ በጣሳ አስቀዳልኝ። ጫፏ ዛግ ያለ ጣሳ ናት። ደስ አለኝ። የማታ ትምህርቱን በአንደኝነት ከጨረስኩ ወዲህ የሰው አያያዝ ተለውጧል። (የተፈተንነው አራት ነን። አንዱ መነጽሩን ረስቶ ነበር።) ለተማረ ሰው ለብቻው ይቀዳለታል ማለት ነው። «ድገሙኝ» አልኩ፤ ደገሙኝ። ስሄድም እንድሪስ «ጣሳዋን ይዘሃት ሂድ» አለኝ። ስጦታ! ግድግዳዬ ላይ ሚስማር መትቼ ሰቅያታለሁ።

ስለ ሳሉ። አስተማሪያችን ነገር በተራው ይጻፍ ስላሉ በተራው እጽፋለሁ። ያለፈው ሳምንት አፍንጫዬ ፈሰሰ። ቀጥሎ ጉሮሮዬ ቆሰለ። ቀጥሎ ደረቅ ሳል። አሁን አክታ። ነጭ ነበር፣ ዛሬ ወደ ቢጫ ሄዷል። ሚስቴ ከድጃ «ብርድ ነው» ትላለች። እኔ የገብስ አቧራ ነው እላለሁ። ሁለታችንም ሐኪም አይደለንም፣ ሁለታችንም እርግጠኞች ነን።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

የዛሬውን ልጽፈው አልፈለግሁም ነበር። ግን ደብተሩ የኔ ነው፣ ማን ያየዋል።

ስነቃ ደረቴ በእሾህ መጥረጊያ የተጠረገ ይመስል ነበር። ትኩሳት ትንሽ፣ ድካም ብዙ። ከድጃና ሀያት ወፍጮ ቤት ሄዱ። ብቻዬን ስቀር አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሐሳብ ለእኔ ሳይጠራ ነው የሚመጣው።

ሴቶቻችን ወገባቸውን ሲያማቸው ጓዳ ጥግ በተቆፈረች ጉድጓድ ውስጥ የወይባ እንጨት ያጨሱና ብርድ ልብስ ተከናንበው ከላይዋ ይቀመጣሉ። ብርድ ከአጥንት ያወጣል ይላሉ። ከአጥንት ያወጣ ከደረት እንዴት ያቅተዋል? ወንድ ተቀምጦባት አያውቅም። እንግዲያው የመጀመሪያው እኔ ልሁን አልኩ። እሳት አደረግሁ፣ ወይባውን ጨመርኩ፣ ልብሴን አወለቅሁ፣ የከድጃን ብርድ ልብስ እስከ አናቴ ተከናንቤ ተቀመጥኩ።

ጢሱ ገና ደረቴን ሲይዘው በሩ ተንኳኳ። የእንድሪስ ሚስት ሉባባ ወንፊት ልትዋስ መጥታ ኖሯል። ሳልመልስላት ገባች። «ከድጃ፣ ጢስ ላይ ነሽ እንዴ?» አለች። ምን ልበል? በብርድ ልብሱ ውስጥ ራሴን ነቀነቅሁ።

«እሰይ፣ ሙቂ እህቴ፣ ይገባሻል» ብላ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «ባልሽን ስታስታምሚ አንቺም እንዳትወድቂ ነው። ወላሂ እንዴት ልንገርሽ ብዬ ስፈራ ነው የዋልኩ። የአያ ይመር ሳል የሳምባ ነቀርሳ ነው እየተባለ ነው። እንድሪስም ትናንት ጣሳ ለየለት። ያቺ ዶሮዎቻችን ውሃ የሚጠጡባት ጣሳ የለችም? እሷን አጥቤ ሰጠሁ። ምን ላድርግ፣ ሌላ በእጄ አልነበረ። እሱ ምስኪኑ ደግሞ ድገሙኝ ይላል!»

በብርድ ልብሱ ውስጥ ሳሉ መጣ። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«የልጆቹንም ነገር እንድሪስ ‹እንዲህ ያለ በሽታ ካለበት ቤት ሙሽራ አላመጣም፣ እሁድ ይቅር› እያለ ነው። ለአያ ይመር ግን አደራ፣ እንዳትነግሪው።»

ሳል እንደ ጥጃ ነው፣ ገመዱን ባጠበቅህበት ቁጥር ይብስበታል። በጠሰ። ብርድ ልብሱ ከትከሻዬ ወደቀ፣ እኔም ጠቁሬ፣ እንባዬን እያፈሰስኩ፣ በቁምጣ ብቻ ጉድጓዷ ላይ ቁጭ ብዬ ተገኘሁ። ሉባባ «ቢስሚላህ!» ብላ ከበርጩማው ጋር ወደ ኋላ ሄደች። ትንፋሼን ሳገኝ «አደራሽ ደርሶኛል፣ ሉባባ» አልኳት። ወንፊቱን ሳትወስድ ሮጠች።

ይህ በሌላ ሰው የደረሰ ቢሆን እስከ አጅባር ገበያ የሚሄድ ቀልድ አደርገው ነበር።

የዶሮ ጣሳ። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ሽክና፣ አሁን የዶሮ ጣሳ። እኔም ድገሙኝ አልኩ። አመሰገንኩም። ሚስማር መትቼ ሰቀልኳት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ጢሱ አባሰው። ስተነፍስ ደረቴ ያፏጫል። ጠዋት አክታዬ ላይ ቀጭን የደም ክር አየሁ። በእግሬ አፈር ላለብሰው ስል ከድጃ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

«ማን ጢስ ላይ ውጣ አለህ? አራስ ነህ?» አለችኝ። ስትቆጣ እንዲህ ናት። ቀጥላ ግን ጓዳ ገብታ መድኃኒት መፈለግ ጀመረች፣ ይህ ነው ያስፈራኝ።

ሀያት ጥርሷን የታመመች ጊዜ የተረፈ የመድኃኒት ፍሬ አለ፣ ቀይ በጥቁር የሆነው። ከድጃ አወጣችው። ማሸጊያው ላይ ጽሑፍ አለበት። እኔ ማንበብ የምችል ሰው ነኝና ተቀበልኳት። ፊደሉ የፈረንጅ ነው። ቢሆንም እያየችኝ ስለነበር ድምፄን ከፍ አድርጌ «ለሳል፣ ለደረት፣ ለአዋቂ ሰው» ብዬ አነበብኩላት። ሁለት ዋጥኩ። ሳሉ እንዳለ ነው። አሁን ሆዴም ያመኛል።

ከሰዓት ሰይድ መጣ። ግቢ አልገባም፣ አጥሩ ላይ ቆመ። «አባቴ እሁድ ትንሽ ይቆይ ብሏል። ገብሱ አላለቀም» አለ። ገብሱ ማክሰኞ ያለቀ ነው። እኔው ነኝ የወቃሁለት። ልመልስለት ስል፣ የትናንቱን ሁሉ ከእኔ የሰማችው ሀያት ቀደመችኝ።

«ማክሰኞ አውድማው ላይ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ጣሳዋን አየህ?»

«አየሁ።»

«የዶሮ መሆኗንስ?»

መሬት መሬት አየ። «አባቴ ነው፣ ሀያት። በሰው ፊት ምን ልበለው?»

በሩን ዘጋችው፣ ቀስ ብላ። ብታላትመው ይሻል ነበር። የተላተመ በር ተመልሶ ይከፈታል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተም አባዬ፣ ነገ ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ።» ሥራ አለብኝ አልኳት። «ያለብህ ሥራ መሳል ነው፣ እዚያም ሄደህ ትስላለህ» አለችኝ። የኔ ልጅ መሆኗ በምላሷ ይታወቃል።

ከሆነስ? ያ በሽታ ከሆነስ? ሰርጉ ይቅር፣ እሷንም አስይዣት ከሆነስ? ይህንን ለማንም አላልኩም። እዚህ ብቻ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

አይደለም! አይደለም! አልሃምዱሊላህ፣ አይደለም።

አሁን በተራው። ሲስተሯ ልጅ እግር ናት፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ጥያቄዋ ብዙ። መቼ ጀመረዎት? በጉንፋን ነው? ላብ ያጠምቅዎታል? ከስተዋል? ምግብ ይበላሉ? (ለዚህ ሀያት ሳቀች።) ቤት ውስጥ የሳምባ ነቀርሳ የታመመ ሰው ነበረ? ትምባሆ፣ ጢስ? ጢስ የለም አልኩ። ሀያት ሁሉንም ነገረቻት፣ ብርድ ልብሱን፣ ቁምጣውን። ሲስተሯ ወረቀቷን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መስኮት ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ጀርባዬን በማዳመጫው አዳመጠች። ሰዓቷን እያየች አተነፋፈሴን ቆጠረች። ትኩሳቴን ለካች። አክታ በዕቃ ሰጠሁ። ውጭ አግዳሚው ላይ ስንጠብቅ ሀያት እጄን ይዛ ነበር። ሁለታችንም አልቀለድንም።

በኋላ ጠራችን። የሳምባ ነቀርሳው አልተገኘም። የሳምባ ምችም አይመስልም፣ ያ ቢሆን ትኩሳቱ ይበረታ፣ ትንፋሼም ይፈጥን ነበር አለች። «ወደ ሳምባ አየር የሚያስገቡ ቧንቧዎች አሉ፣ አባባ። ጉንፋኑ ወርዶ እነሱን አቁስሏቸዋል። ብሮንካይተስ ይባላል።» ደሟስ አልኩ። «ቧንቧው ሳል ሲበዛበት እንዲህ ያደርጋል። ከደገመ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።»

እሺ ብዬ ለመርፌው እጅጌዬን ሰበሰብኩ። መርፌ የለም አለች። ፍሬስ? ትኩሳትና ሕመም ሲኖር ፓራሲታሞል ብቻ። ያ ቀይ በጥቁሩ ይቅር፣ ይህንን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው፣ ፍሬው እሱን አይነካውም፣ የሰው ትራፊ መድኃኒትም አይዋጥም። ታዲያ ምን ልዋጥ? ዕረፍት። ሞቅ ያለ ነገር መጠጣት። ማር በሻይ። ከጢስ መራቅ፣ ከአውድማ አቧራም። ሳሉ እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ አይደንግጡ። ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ትኩሳቱ ከበረታ፣ ደም ካዩ፣ ወይም ሳሉ ከዚያ ካለፈ ይመለሱ።

ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ ማር ጠጣ ተብዬ ተመለስኩ! ማሩን እኮ ጥርስ ሳላበቅል ነው የማውቀው። ደግሞ የጣሳዋን ነገር ነግሬ ልትፈርድልኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ምን አለች? «መጠጫ መለየቱ እንኳ አይከፋም፣ አባባ፣ ጉንፋን ይተላለፋል። ሲስሉም አፍዎን በክንድዎ ይሸፍኑ።» እሷም ከዶሮዎቹ ወገን ሆነች።

ቢሆንም ክንፍ አውጥቼ ነበር። ከጁምዓ በኋላ መስጊዱ ደጃፍ እንድሪስን አገኘሁት። በሰው ሁሉ ፊት «ሳምባ ነቀርሳ አይደለም! ብሮንካይተስ ነው!» አልኩት። ወደ ኋላ ሸሸት አለና «አጃኢብ! ስሙ እንዲህ ከረዘመ በሽታማ ማን ይተርፋል?» አለ።

ሰው ሳቀ። ያ ደጃፍ የኔ ነበር። እዚያ ሰው የማስቀው እኔ ነበርኩ። ወደ ቤት ስሄድ ማንም «አብሽር» ብሎ አላበረታታኝም።

አንድ ነገር ግን አይቻለሁ። ሲስቁለት እንድሪስ አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ደግሞ ጠረገ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ማር በሻይ። ማር በሻይ። ማር በሻይ። ከድጃ ምድጃውን ወደ ደጅ አውጥታዋለች፣ የወይባዋንም ጉድጓድ በድንጋይ ከድናታለች። «እንዳትፈተን ብዬ ነው» አለችኝ። ደረቴ ማፏጨቱን ቀነሰ። ደም የለም።

ገበያ ወጣሁ። በግ ተራ ላይ ሰው ሰፊ መንገድ ለቀቀልኝ፣ ለባለሥልጣን እንደሚለቀቀው። አንዱ የእጅ ሰላምታ እንዳልሰጠው የበግ ጆሮ ያዘ። ቶሎ ተመለስኩ።

ሰይድ ዛሬም መጥቶ ነበር አሉ። ለሀያት «አባቴን አናገርኩት። እሁድ ካልመጣ ሽማግሌ ይዤ እኔው እመጣለሁ» ብሏታል። እሷ «መምጣትማ ማንም ይመጣል» ብላ ሰደደችው። ከድጃ ናት ይህን የነገረችኝ። ሀያት ራሷ ስለ ሰይድ አታወራም፣ ድስት ነው የምትፈትግ። ድስቱ ነጥቶ ሊበሳ ነው።

እንድሪስ ቢመጣ የምለውን አዘጋጅቻለሁ። ከረቡዕ ጀምሮ ነው የማዘጋጀው። ጣሳዋን ከሚስማሯ አወርዳለሁ፣ ቀሪቦ እሞላለሁ፣ በሰው ፊት እሰጠውና «ዶሮዎቹ ሰላም ብለውሃል» እለዋለሁ። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ የሚበልጥ ቀልድ ነው። ስንት ጊዜ ለራሴ ተናገርኩት።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 12

መጡ። እንድሪስ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሰይድ ከኋላ። እንድሪስ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተጠቅልሎ በሩ ሥር ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ዱአ አደረጉ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ከብቱ አወሩ። የመጡበትን ማንም አይጀምርም።

ከዚያ ሳል ሰማሁ። የኔ አልነበረም።

ያንን ሳል አውቀዋለሁ። ከጉሮሮ ሥር ይጀምርና ደረት ይቧጥጣል። እንድሪስ በጋቢው ሊያፍነው ሞከረ። እንደ ጥጃ ነው ብያለሁ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ይዞ ሳለ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንዱ ሽማግሌ ከአጠገቡ ትንሽ ፈቀቅ አለ፣ ትንሽ፣ ማንም የማያይ መስሎት። እንድሪስ አየው። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ በሹክሹክታ «ሲስተሯ ምን አለችህ?» አለኝ። የሰርግ ቀን ሊቆርጥ መጥቶ ዓይኑ ግን የሚለምነው ሌላ ነበር።

ተነሣሁ። ጣሳዋን ከሚስማሯ አወረድኳት። ከድጃ ልብሴን ይዛ «ይመር፣ በአላህ!» አለች። ሁሉም እያየኝ በፈላ ውሃ አጠብኳት። ሌላ ጣሳ ለራሴ አመጣሁ። በሁለቱም ሻይ በማር ሞላሁ። የተዘጋጀው ቀልድ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። ዶሮዎቹ ሰላም ብለውሃል። እዚያው ቀረ። ለምን እንደቀረ አላውቅም፣ አሁንም ይቆጨኛል።

«እንድሪስ፣ ሳል ይዞሃል» አልኩት። «ሳል ይተላለፋል። ስለዚህ ለብቻህ ትጠጣለህ፣ እኔም ለብቻዬ። የምሰጥህ ፊት ለፊት ነው፣ ምክንያቱንም ነግሬሃለሁ። ጣሳ የሚለየው እንዲህ ነው።»

የዛገውን ጫፍ አየ። «ይቺ...» አለ።

«አዎ። እሷው ናት።»

ሰይድ አንገቱን ደፋ። እንድሪስ ጣሳዋን በሁለት እጁ ያዛት። ጠጣ። እስከ ታች ጠጣት። ባዶዋን ወደ እኔ ዘረጋና፣ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ፣ ዝቅ ብሎ፣ «ድገመኝ» አለኝ።

ደገምኩት።

ከዚያ ሲስተሯ ያለችኝን ሁሉ ነገርኩት፣ አንድም አላስቀረሁ። ከጢስ ራቅ፣ ትራፊ ፍሬ አትዋጥ፣ ነገ ሄደህ ራስህ ተመርመር፣ የኔ ደረት ያንተን አይመሰክርም አልኩት። ሕፃን ይመስል ራሱን ይነቀንቃል። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ የሰርጉ ቀን» አለ።

ከድጃ ከጓዳ ወጣች። ሀያት የላከችው ቃል አለ አለች። «ሰርጌ ላይ የሚያወርደው አባቴ ነው። ድምፁ ሲመለስ ኑና ቀን ቁረጡ። ሰይድም እስከዚያ ያስብበት። አይቶ ዝም የሚል ባል ከሆነ ቀን መቁረጡም አያስፈልግ።»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ሙሽራ እንዲህ ተናግራ አታውቅም። ሰይድ ተነሣ፣ ፊቱ ቀልቷል። «እውነቷን ነው» አለ ጮክ ብሎ፣ ጓዳ ድረስ እንዲሰማ። «ማክሰኞ ማለት ነበረብኝ።» አባቱ አላየውም። ሳለ።

ቀን ሳይቆረጥ ሄዱ። እንድሪስ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ያ ገበሬ... በሬው ‹አንተስ› ሲለው ምን መለሰለት?» አለኝ። አምስት ቀን ሙሉ ሲያስብ ኖሯል፣ የጅል ልጅ። «በሰርጉ ቀን እነግርሃለሁ» አልኩት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

አክታዬ ነጥቷል። እንድሪስ ጤና ጣቢያ ሄዷል፣ ሰይድ ነው የወሰደው። ወሬው ገና አልመጣም። ሳላስበው ደጅ ደጁን እያየሁ ነው።

ይቅር አልኩት ብዬ አልጽፍም። የማይሆነውን መጻፍ ለምን ተማርኩ? ጣሳዋን ሚስማሯ ላይ መልሻታለሁ። ሀያት ልታወርዳት ስትል ተያት አልኳት። ለየትኛው እንግዳ ነው አለች። ገና አላወቅሁም።

ከጭድ ክምሩ ኋላ ሄጄ ድምፄን ሞከርኩት። የመጀመሪያው ስንኝ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ተሰበረ። ሀያት ከቤት ውስጥ ሰምታ ኖሮ ድስት መፈተጓን አቆመች። ደግሜ ሞከርኩ። እንደገና ግማሹ።

የገበሬው መልስ እንዳይረሳኝ ለደብተሬ ብቻ ልንገር። በሬው «አንተስ?» ሲለው ገበሬው «እኔማ ስበላ አልሠራም» አለው።

ብቻዬን ሳቅሁ። ሳሉ ሳያቋርጠኝ ሳቄን ጨረስኩት ልል ነበር። ሳቁ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው ሳሉ የመጣው።